ነቀዝ ዳጉሳውን ትቶ በቆሎውን ለምን በላ?

አጎቴ ጓዳ ውስጥ ሁለት ጎታ ጎን ለጎን ቆሟል። አንዱ ዳጉሳ ይዟል፣ አንዱ በቆሎ። ሁለቱንም የሠሩት ባለቤታቸው ናቸው፤ ጭቃና ጭድ አቡክተው፣ በእጃቸው። ቤቱ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ መራዊን አለፍ ብሎ ነው፤ የቆጋ መስኖ ከሚደርስባቸው መንደሮች በአንዱ።

ካቻምና በሐምሌ ልጠይቃቸው ስሄድ የበቆሎውን ጎታ ውታፍ ነቀሉት። መጀመሪያ የወጣው በቆሎ አይደለም። ዱቄት ነው። ከዱቄቱ ጋር ጥቁር ነቀዝ ተንጠባጠበ። ከዚያ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ፣ እንደ ላባ የቀለለ ፍሬ ተከተለ። ዳጉሳው ግን ሁለት ዓመት የቆየው ሳይቀር ጤነኛ ነው።

አጎቴ ዘወር ብለው አዩኝ። «አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ንገረኝ። ዳጉሳውን ትቶ በቆሎዬን የሚበላው ምን በድየው ነው?»

ያን ቀን አጥጋቢ መልስ አልነበረኝም። ባሕር ዳር ከተመለስኩ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። የእሳቸው ጥያቄ ባለሙያዎች «የድህረ ምርት ብክነት» የሚሉት ትልቅ ጉዳይ ዋና በር ሆኖ አገኘሁት።

ከፍሬው መጠን እንጀምር። የአንድ በቆሎ ፍሬ ክብደት ከአንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ክብደት ጋር ይቀራረባል። እናቲቱ ነቀዝ እንቁላሏን የምትጥለው ፍሬ ላይ አይደለም፤ ፍሬ ውስጥ ነው። በአፏ ትንሽ ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ አንድ እንቁላል ታስገባለች፣ ከራሷ በሚወጣ ሙጫ መሳይ ነገር አፉን ትደፍነዋለች። ትሉ እዚያው ተፈልፍሎ፣ እዚያው በልቶ፣ እዚያው አድጎ፣ ነቀዝ ሆኖ ቀዳዳውን በስቶ ይወጣል። የበቆሎ ፍሬ ለእሱ ምግብም ቤትም ነው። ጤፍና ዳጉሳ ግን ለቤትነት አይበቁም። ትሉ የሚያድግበት ቦታ የለም። ጤፍ ስሙን ያገኘው «ጠፋ» ከሚለው ቃል ነው ይባላል፤ እውነትም ከነቀዝ ዓይን ጠፍቶ ይኖራል።

ሌላም ነገር አለ። ደቃቅ እህል እርስ በርሱ ተጠጋግቶ ስለሚተኛ በመሃሉ የሚቀረው አየር ትንሽ ነው። እናቶቻችን ባቄላና ሽምብራን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው ያስቀምጡ የነበረው ለዚህ ነው። ጤፉ ክፍተቱን ይሞላዋል፣ ነቀዙ መተላለፊያ ያጣል። ሲፈለግ በወንፊት ይለያል።

አሁን ወደ በቆሎው እንመለስ። አጎቴ ነቀዙ ጎታው ውስጥ የተፈጠረ ይመስላቸዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ብዙ ጊዜ ግን የሚመጣው ከማሳ ነው። ነቀዝ ይበርራል። በቆሎው ደርሶ፣ ግንዱ ላይ እንደቆመ ሲደርቅ፣ ነቀዙ ከጎረቤት ጎተራ ተነስቶ እዚያው ይደርስበታል። የራሱ ሽፋን ጫፍ ድረስ የማይሸፍነው በቆሎ ደግሞ የበለጠ ይጋለጣል። ማሳ ላይ በቆየ ቁጥር እንግዳው ይበዛል። ስለዚህ በኅዳር መጨረሻ ወደ ጎታው የገባው በቆሎ ንጹሕ መስሎ በውስጡ እንቁላል ይዞ ነበር።

እስቲ እንቁጠር። ለምሳሌ ያህል አንዲት ነቀዝ 50 ልጆች ለወግ ለማዕረግ አበቃች እንበል። ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። እነዚያ 25ቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው 50 ቢያደርሱ 1,250 ይሆናሉ። የሚቀጥለው ዙር ከ31,000 ይበልጣል። ነቀዝ በሞቃት ቦታ ከእንቁላል እስከ ጎልማሳ ለመድረስ አምስት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል። የጣና ዙሪያ ደጋም ቆላም ስላልሆነ ትንሽ ይዘገያል፤ ሁለት ወር ብንሰጠው እንኳ ከታኅሣሥ እስከ ሰኔ ሦስት ዙር ይወልዳል። ለዚህ ነው በጥር «ደህና ነው» የተባለ በቆሎ በሐምሌ ዱቄት ሆኖ የሚገኘው። ጉዳቱ በአንዴ የመጣ ይመስላል እንጂ ሲባዛ የከረመ ነው።

ስንት ይጠፋል ለሚለው ጥያቄ አንድ ቁጥር ይዞ መሮጥ አልወድም። ሁለት ቁጥሮች በብዛት ይሰማሉ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ2011 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በዓለም ከሚመረተው ምግብ ሲሶው ይባክናል አለ። በ2019 ደግሞ 14 በመቶ አለ። ብክነቱ በስምንት ዓመት በግማሽ ቀንሶ አይደለም። የመጀመሪያው ቁጥር ሱቅ ውስጥ የተጣለውንና ሳህን ላይ የተረፈውንም ይቆጥራል። ሁለተኛው ከአጨዳ ጀምሮ ሱቅ እስኪደርስ ድረስ ያለውን ብቻ ነው። እኛን የሚመለከተው ይሄኛው ነው። የመራዊ ገበሬ ቤት ሳህን ላይ ብዙም አይተርፍም። የዓለም ባንክ በ2011 ባወጣው ጥናት ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች በእህል ብቻ በየዓመቱ 4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይጠፋል ብሎ ገምቶ ነበር።

መሪዎችም ቃል ገብተዋል። የአፍሪካ ኅብረት አገሮች በ2014 ማላቦ ላይ ተሰብስበው ብክነቱን እስከ 2025 በግማሽ እንቀንሳለን አሉ። 2025 ሲመጣ ካምፓላ ተገናኙና ያንኑ ግማሽ ወደ 2035 ገፉት። አጎቴ ቢሰሙ «ቀጠሮ ማራዘምማ እኔም እችላለሁ» የሚሉ ይመስለኛል።

የነቀዙ ብዛት ግን የታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ውሃ ነው። የማታየው ውሃ።

ማንኛውም እህል ውስጥ ውሃ አለ። በቆሎ ለረጅም ጊዜ በደህና እንዲቀመጥ ከመቶ እጁ 13 ገደማ ብቻ ውሃ መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ሲሆን ሻጋታ ይነሳል፣ ነቀዝም ይመቸዋል። ከማሳ ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ ከ13 በላይ ነው። በኅዳር ያለ ወቅቱ ዝናብ ከመጣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ልጅ ሆናችሁ ስጥ የጠበቃችሁ ሁሉ ሥራውን ታውቁታላችሁ፤ ዶሮ ማባረር፣ ደመና ሲመጣ መጮህ፣ ሸራውን እየጎተቱ ወደ ቤት መሮጥ። ያ አሰልቺ ሥራ ጎታ ከመሥራቱም መድኃኒት ከመግዛቱም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ስጡ መሬት ላይ ባይሆን ይመረጣል። ሸራ ላይ፣ በስሱ ተዘርግቶ፣ በየሰዓቱ እየተገላበጠ። መሬት ላይ የተሰጣ እህል ከስር እርጥበት ይጠጣል፣ አፈርና የሻጋታ ዘርም ይዞ ይነሳል። በከረጢት ከቶ በዱላ መውቃትም መዘዝ አለው። ፍሬው ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀው ፍሬ ጤነኛውን መብሳት ለማይችሉ ሌሎች ተባዮች ሁሉ የተከፈተ በር ነው። በእጅ መፈልፈል ያታክታል፤ መንደር ውስጥ በጋራ የሚሠራ መፈልፈያ ካለ ግን ብዙ ያድናል።

መድረቁን በምን ያውቁታል? አጎቴ በጥርሳቸው ይሞክሩታል። «ቀጭ» ካለ ደርቋል። ልምድ ላለው ሰው መጥፎ አይደለም። ግን የተሻለ፣ በነጻ የሚሠራ መንገድ አለ። ክዳን ያለው የደረቀ ብርጭቆ ጠርሙስ ያዙ። ጥቂት ጨው ምጣድ ላይ አሙቃችሁ በደንብ አድርቁ፤ ከዚያ ይብረድ። ጠርሙሱን እስከ ሲሶው በቆሎ ሙሉት፣ ጨውን ጨምሩ፣ ክዳኑን ግጠሙና ለጥቂት ደቂቃ ናጡት። ከዚያ አስቀምጡትና ተመልከቱ። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ወደ ፀሐይ ይመለስ። ካልተለጠፈ ከ15 በታች ወርዷል። ወደ 13 እንዲደርስ ደግሞ አንድ ሁለት ቀን ጥሩ ፀሐይ ጨምሩለት። ይህንን ወጥ ቤቴ ውስጥ ከቅዳሜ ገበያ በገዛሁት በቆሎ ሞክሬዋለሁ። ጨው በረዶ እንደጣለበት መስኮት ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ሻጩ «ክርችም ያለ ደረቅ ነው» ብሎ ምሎ ነበር።

ሻጩን ግን አልፈርድበትም። እዚህ ጋ ማንም ብዙ የማያነሳው ነገር አለ። 18 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ኩንታል በቆሎ ወደ 13 በመቶ ሲደርቅ ስንት ይመዝናል? 94 ኪሎ ገደማ። ስድስት ኪሎ ውሃ ወደ ሰማይ ሄደ። ነጋዴው ለደረቁም ለእርጥቡም በኪሎ ያው አንድ ዋጋ ከከፈለ፣ አድርቆ የመጣው ገበሬ ስድስት ኪሎ ከስሯል። ሸራ ገዝቷል፣ ልጁን ስጥ አስጠብቋል፣ ተቀጥቷል። እርጥብ ይዞ የመጣው ተሸልሟል። ከዚያ «ገበሬው ግንዛቤ ይጎድለዋል» ተብሎ ሥልጠና ይዘጋጃል። የጎደለው ግንዛቤ አይመስለኝም። የእርጥበት መለኪያ ይዞ ለደረቀው ጥቂት ብር የሚጨምር ገዢ ቢኖር ከአሥር ሥልጠና ይበልጣል።

በጣሳ ሲሸጥ ደግሞ ሌላ መደባበቅ አለ። የነቀዘ ፍሬ ውስጡ ባዶ ቢሆንም ጣሳውን ይሞላል። ገዢው ጣሳ ሙሉ ገዝቶ ቤቱ ሲደርስ ግማሹ ገለባ ይሆንበታል።

ስለ ሻጋታ ሳልናገር ወደ ከረጢቱ አልሄድም። ነቀዝ ዓይን ያየዋል፤ የሻጋታ መርዝ ግን አይታይም። አፍላቶክሲን ይባላል። በቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ ኑግና የመሳሰሉት ላይ የሚወጣ አንድ የሻጋታ ዓይነት የሚያመነጨው ነው። መቀቀል አያጠፋውም። የተለመደው ቆሎ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ለዓመታት በጥቂቱ የበላው ሰው ጉበቱ ላይ ካንሰር ሊያመጣበት ይችላል። ባንድ ጊዜ በብዛት ሲሆን ደግሞ ይገድላል። በ2004 በምሥራቅ ኬንያ እርጥብ ሆኖ የተከማቸ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል።

«የሻገተውን ለከብት» የሚለው ልማድም አያዋጣም። ላሟ የበላችው መርዝ መልኩን ቀይሮ በወተቷ ይመለሳል። በ2015 በአዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ውስጥ ይኸው መርዝ ተገኝቶ ብዙ ተወርቶ ነበር። በዋናነት የተጠረጠረው ለላሞች የሚሰጠው የኑግ ፋጉሎ ነው። ስለዚህ ቀለሙ የተለወጠ፣ የጠቆረ ወይም የሻገተ ፍሬ ተለቅሞ ይጣል። ለጠላ፣ ለአረቄ፣ ለዶሮም አይሁን። እናቶች እህል ሲለቅሙ እጃቸው የሚሠራው ሥራ ከላቦራቶሪ ጋር ይዛመዳል፤ አብዛኛው መርዝ ያለው በእነዚያ ጥቂት መጥፎ ፍሬዎች ውስጥ ነው።

አሁን አጎቴ የነቀዙን ነገር ምን ያደርጉት ነበር? እንደ ብዙዎቹ ኪኒን። ገበያ ላይ በየሱቁ ይሸጣል። ሁለት ሦስቱን እህል በሞላበት የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይጥሉና ማዳበሪያውን ከመኝታው አጠገብ ያቆሙታል። ይህን ሳይ ጸጉሬ ቆመ። ኪኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ነቀዝንም ሰውንም አይለይም። የተሠራው በሠለጠነ ሰው እጅ፣ አየር በማያስገባ ሽፋን ስር ሆኖ፣ ሰው በማያድርበት መጋዘን ሥራ ላይ እንዲውል ነው። ተራ ማዳበሪያ ውስጥ ሲጣል ጋዙ ወደ ቤት ይወጣል። ሰው አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ነቀዙ ደግሞ ግማሽ መጠን ብቻ ስለሚደርሰው ከሞት የተረፈው ይለምደዋል። ከሁለቱም አቅጣጫ ኪሳራ ነው።

ፀሐይ ላይ ደጋግሞ ማስጣትስ? ይረዳል፣ ግን ነቀዙ ሲሞቀው ተነስቶ ይሄዳል። ሲመሽ ይመለሳል። ፍሬው ውስጥ ያለው ትል ደግሞ አልተነካም።

ለዚህ ሁሉ ዛሬ ያለው የተሻለ መልስ አንድ ከረጢት ነው። ፒክስ ይሉታል። ታሪኩ የሚጀምረው በ1980ዎቹ መጨረሻ ካሜሩን ውስጥ ነው። ፐርዱ ከሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የመጣው የነፍሳት ተመራማሪ ላሪ ሙርዶክና ባልደረቦቹ የገበሬዎችን ላም አተር (ካውፒ የሚባለውን ጥራጥሬ) ከነቀዝ የሚያድን ርካሽ መንገድ ይፈልጉ ነበር። ያገኙት ነገር በጣም ቀላል ነው። ሁለት ወፍራም የላስቲክ ከረጢት አንዱ በሌላው ውስጥ ይገባል፤ ከውጭ ተራው ማዳበሪያ ይለብሳቸዋል። ሦስቱም ለየብቻ ይታሰራሉ።

ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ደስ ይላል። የገባው ነቀዝ ይተነፍሳል። አየሩ ከውጭ አይታደስም። ኦክስጅኑ እያለቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበዛል። ነቀዙ መብላት ያቆማል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ታፍኖ ሞተ ብሎ ያስባል። ተመራማሪዎቹ ያገኙት ግን ሌላ ነው፤ ነቀዝ ውሃ አይጠጣም። የሚያስፈልገውን ውሃ የሚሠራው ከበላው እህል ሲሆን፣ ለዚያ ደግሞ ኦክስጅን ያስፈልገዋል። ኦክስጅን ሲያጣ ውሃ መሥራት አይችልም። በውሃ ጥም ይሞታል። በደረቅ በቆሎ መሃል ተቀምጦ!

ሐሳቡ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን በጉድጓድ ቀብሮ አፉን በአፈር ይደፍናል። እዚያም ኦክስጅኑ ያልቅና ነቀዝ አይበረክትም። የጉድጓዱ ችግር ከግድግዳው የሚገባው እርጥበት ነው። ከረጢቱን እርጥበት የማያስገባ ጉድጓድ ብላችሁ ብታስቡት አትሳሳቱም።

አምና በታኅሣሥ ለአጎቴ አምስት ከረጢት ይዤላቸው ሄድኩ። ከተራው ማዳበሪያ በብዙ እጥፍ ይወደዳል፣ እሱን ልደብቃችሁ አልችልም። ግን በአግባቡ ከተያዘ ሁለት ሦስት ዓመት ያገለግላል። አንድ ኩንታል ከተራ ማዳበሪያ ውስጥ አሥር ኪሎ ቢነቅዝበት፣ ያ አሥር ኪሎ በነሐሴ ዋጋ ስንት ነው ብሎ ራስን መጠየቅ ነው።

ስንሞላው ከተሳሳትነው ብዙ ተማርኩ። መጀመሪያ ላስቲኩን በአየር ነፍተን ቀዳዳ እንዳለው አየን፤ አንዱ ነበረው። ከዚያ ሞላን። አጎቴ እስከ አፉ ጢም አድርገው ሞሉት፣ የምናስርበት ቦታ አልተረፈም። ቀነስን። የመጀመሪያው ላስቲክ አየሩ በእጅ ተጨምቆ ይወጣና ይጠመዘዛል፣ ይታጠፋል፣ በገመድ ይታሰራል። ሁለተኛውም እንዲሁ። ስብርባሪ ቆረቆንዳ ካለበት ላስቲኩን ይበሳል፤ ስለዚህ ቀድሞ በወንፊት ይነፋል። ሲቀመጥም በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጎ ነው። አይጥ ላስቲክ አይፈራም። ድመት አለቻቸው፣ ግን ድመቷን ማመን ይከብዳል።

ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ከረጢቱ አያደርቅም። እርጥብ በቆሎ አስገብታችሁ አፉን ካሰራችሁት ነቀዙ ይሞታል፣ በቆሎው ደግሞ ይሻግታል። ጨውና ጠርሙሱ መጀመሪያ ይመጣሉ። ሌላው ደግሞ መክፈት ነው። የአጎቴ ባለቤት «ለዕለት ፍጆታ እየቆነጠርኩ ልውሰድ?» አሉኝ። በየቀኑ ከተከፈተ አየር ይገባል፣ ነቀዙ ነፍስ ይዘራል። ስለዚህ የፋሲካው አንድ፣ የሰኔው አንድ፣ የነሐሴው አንድ ብለን ለየናቸው። አንዱ ሲከፈት እስኪያልቅ ይበላል፤ ሌሎቹ አይነኩም።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ በጥር ደወሉልኝ። ሁለቱን ኩንታል ሸጡ። የአፈር ማዳበሪያ ዕዳ ነበር፣ የዘመድ ሠርግ ነበር። በጥር ሁሉም ይሸጣል፣ ዋጋው ወለል ላይ ነው። በነሐሴ ያው ገበሬ ዘወር ብሎ በውድ ይገዛል። ገበሬው በጥር የሚሸጠው ነቀዝ ፈርቶ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከረጢቱ ሁሉን ይፈታው ነበር። የነቀዝን ፍርሃት ነው የሚያስወግደው። ዕዳውን አይከፍልም። እህሉን መያዣ አድርጎ እስከ ክረምት የሚያበድር ማኅበር ባለበት ቦታ ከረጢቱ ሙሉ ዋጋውን ያወጣል። በሌለበት ደግሞ ለቤት የሚበላውን ማዳኑ ብቻውን ትንሽ ነገር አይደለም።

ቀሪዎቹን ሦስቱን ግን አልነኳቸውም። በፋሲካ አንዱን ሲከፍቱ ስልክ ላይ ነበርኩ። ዝም አሉ። ከዚያ ሳቅ ሰማሁ። «ነቀዞቹ እንደ ድንጋይ ደርቀዋል» አሉኝ። ወዲያው ደግሞ ጠየቁ፦ «ሽንኩርቱንስ ብከተው?»

ቆጋ ወደ 7,000 ሄክታር ገደማ የሚያጠጣ መስኖ ነው። አጎቴም በበጋ ሽንኩርት ያመርታሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልሱ ግን በፍጹም አይሆንም ነው። የደረቀ በቆሎ ተኝቷል ማለት ይቻላል። ሽንኩርት ግን ንቁ ነው። ይተነፍሳል፣ ያልባል፣ ሙቀት ያወጣል። ላስቲክ ውስጥ ቢገባ በራሱ ላብ ረጥቦ በሳምንት ይሸታል። ለበቆሎ አየር ጠላት ነው። ለሽንኩርት አየር ሕይወት ነው። አንድ መድኃኒት ለሁለቱም አይሠራም፤ ስለ ብክነት ሲወራ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ሽንኩርት በተለይ ፎገራ ላይ በሚያዝያ የሚሆነውን በወረታ በኩል በመኪና ያለፈ ሰው አይቶታል። ከሩዙ በኋላ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይተክላል፣ ባንድ ጊዜ ይደርሳል፣ መንገድ ዳር ይከመራል። መንገድ ከተዘጋ ወይም ነጋዴ ከዘገየ እዚያው ይበሰብሳል። ብዙ የሚተከለው ቦምቤይ ቀይ የሚባለው ዝርያ ነው። ምርቱ ጥሩ ነው፣ ቶሎም ይደርሳል፣ ብዙ መቀመጥ ግን አይወድም።

ቢሆንም ጥቂት ሳምንት ማቆየት ይቻላል፤ ያ ጥቂት ሳምንት ደግሞ ዋጋ ይቀይራል። ሥራው የሚጀምረው ማሳ ላይ ነው። መጨረሻ አካባቢ ዩሪያ መጨመር አንገቱን ያወፍረዋል፣ ወፍራም አንገት ደግሞ አይደርቅም፣ መበስበስም በዚያ ይገባል። ከመነቀሉ ሁለት ሳምንት ገደማ በፊት ውሃ ይቆማል። ከግማሽ በላይ ቅጠሉ ራሱ እስኪወድቅ ይጠበቃል። ከተነቀለ በኋላ ጥላ ስር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ አንገቱ ጭምድድ ብሎ ልጡ «ከሽ ከሽ» እስኪል ሳምንት አሥር ቀን ይተኛል። ፀሐይ ላይ የተተወ ይቃጠላል። አንገቱ ያልደረቀው ተለይቶ ቀድሞ ይሸጣል ወይም ቤት ይበላል።

ማስቀመጫው ውድ መሆን የለበትም። የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ የሣር ክዳን፣ ነፋስ የሚያሳልፍ የቀርከሃ ግድግዳ፣ ከመሬት ከፍ ያለ ርብራብ። ክምሩ ከጉልበት አይበልጥም። ማዳበሪያ ሳይሆን መረብ ከረጢት ይሻላል። በየሳምንቱ የበሰበሰውን መልቀም አለ፤ አንዱ ጎረቤቱን ያበላሻል።

ቲማቲም ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። የሚሞተው በመንገድ ላይ፣ ከበላዩ በተጫነው ክብደት ነው። ጥልቅ የእንጨት ሳጥን ውስጥ የታችኛው ለላይኛው ፍራሽ ይሆናል። ጠለቅ ያላለ የፕላስቲክ ሳጥን አብዛኛውን ይፈታል፣ ሳጥኑ ባዶውን ተመልሶ የሚመጣበት መንገድ ካለ። ቤት ውስጥ ለሁለት ሦስት ቀን ከሆነ እንስራ በቂ ነው። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው በገላው እየወዛ ስለሚተን ነው። በናይጄሪያ መሐመድ ባህ አባ የተባለ መምህር ይህንኑ ይዞ አንድ ድስት በሌላ ድስት ውስጥ ከተተ፣ በመሃሉ እርጥብ አሸዋ ሞላ፣ በ2000 የሮሌክስ ሽልማት አገኘበት። የእኛ አየር ደረቅ በሚሆንበት በየካቲትና መጋቢት በደንብ ይሠራል። በሐምሌ ግን አትልፉ፤ አየሩ ራሱ ስለሚረጥብ አይተንም።

ዘንድሮ አጎቴ ከአራት መደብ ሽንኩርት አንዱን ለብቻው ለዩት። ለሙከራ ነው አሉ። ዩሪያውን ቀነሱለት። በመጋቢት መጨረሻ ስሄድ ቅጠሉ መዘንበል ጀምሮ ነበር። ደላላው ቀድሞኝ ደርሶ መደቡ ዳር ቁጢጥ ብሏል።

«ዛሬ ካልሰጡኝ ነገ ዋጋው ይወርዳል» አላቸው።

አጎቴ አንዷን ነቀሉና አንገቷን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው አዩአት። ገና ለስላሳ ናት።

«ውሃ ካቆምኩ ዘጠኝ ቀኔ ነው» አሉት። «የፊታችን ሰኞ ተመለስ።»